ከፍ ያደረግኳት ቃል

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቅም። አብረውኝ የሚዘምሩትም አያውቁም። ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ ነገር ሲከብደው ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፤ አንገቱን ደፍቶ ሄዶ ቀና ብሎ ሲመለስ አየዋለሁ፤ እቀናበታለሁ። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም። በቀጥታ ለእግዚአብሔር ተናዘዝ ነው የምንባለው። እኔም ደጋግሜ ተናዝዣለሁ። ግን እሱ ድሮም ያውቀዋል፤ ለሚያውቅ መናዘዝ ምን ይከብዳል? የሚከብደው ለማያውቅ መናገር ነው። ስለዚህ የማታውቁኝ እናንተ ስሙኝ።

ስሜ ኤልያስ ነው። ሚዛን አማን ከተማ፣ አማን በሚባለው በኩል ፎቶ ቤት አለኝ። ሠርግ እቀርጻለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ኪቦርድ እጫወታለሁ። ወላጆቼ ከሆሳዕና ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ ከቤንች ልጆች ጋር ጎደሬ እየተሻማሁ ነው ያደግኩት። እነሱ የእኔን አማርኛ ተማሩልኝ፤ እኔ የእነሱን ቤንችኛ አልተማርኩላቸውም። ሰላምታና የገበያ ዋጋ ብቻ ነው የማውቀው። ሰው ሲጠይቀኝ «እሰማለሁ፣ መናገር ነው የሚያቅተኝ» እላለሁ። ይህም ውሸት ነው። አልሰማም። የሚገርመው ደግሞ የምኮራው በጆሮዬ ነበር። ከኳየሩ መካከል አንድ ሰው ትንሽ ቢሳሳት፣ ዞሬ ሳላይ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ኤልያስ ጆሮ አለው ይሉኛል፤ እኔም ይህን መስማት እወድ ነበር።

ያ የኮሮና በሽታ የቤተ ክርስቲያኑን በር ያዘጋ ጊዜ ኳየሩ ተበተነ። ድሮም ግማሹ ተበትኖ ነበር። አንዱ ጁባ መኪና ይነዳል፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው፣ አንዷ ኖርዌይ አግብታለች፣ ብዙነሽ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። በሩ ሲዘጋ የቀረነው ከሄዱት ጋር እኩል ሆንን። በቴሌግራም ግሩፕ ከፈትንና ስሙን «የተበተኑት» አልነው። አሠራሩ ከባድ አልነበረም። እኔ ኪቦርዱን ቀድቼ እልካለሁ፤ እያንዳንዱ እሱን በአንድ ስልክ እያዳመጠ፣ በሌላ ስልክ ራሱን እየቀረጸ ይዘምርና ይልክልኛል፤ እኔ ድምፁን ከድምፅ፣ ፊቱን ከፊት አጋጥማለሁ። የጁባው ልጅ መኪናው ውስጥ መሪውን ይዞ ይዘምራል። ከኖርዌይዋ ጀርባ በረዶ ይታያል። ከሁሉም የምንብሰው እኛ እዚህ ያለነው ነበርን፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድበት ድምፃችን ወንዝ ውስጥ ቆመን የዘመርን ያስመስለናል። እስኪያባራ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ደግሞ ሚዛን ውስጥ ሳይዘምር ይኖራል።

ከሁሉም ጥርት ያለው የብዙነሽ ድምፅ ነበር። ሁለተኛ ስልክ ስለሌላት ከላይኛው ፎቅ ከምትሠራ አንዲት ልጅ ትዋሳለች። ከዚያ የመዳሟ የክረምት ካፖርቶች የተሰቀሉበት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ካፖርት ድምፅ አያስተጋባም። በቪዲዮው ላይ ፊቷ በስልኩ ብርሃን ብቻ ይታያል፤ ግራና ቀኟን ፀጉራም አንገትጌ ነው። «ስቱዲዮ ገብቻለሁ፣ ዝም በሉ» ብላ ትጽፍልናለች፤ እንስቃለን። ስልኳ ቦታ ስለሌለው የቀረጸችውን ልካልኝ ስታበቃ ከራሷ ስልክም ከራሷ ቴሌግራምም ላይ ታጠፋዋለች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የብዙነሽ እናት እማማ ወርቄ ይባላሉ። ሸዋ ቤንች የሚባለው ወረዳ ነበር የሚኖሩት። ለገበያ በመጡ ቁጥር ወደ እኔ ሱቅ ጎራ ይላሉ፤ በእኔ ስልክ መልክ ለመልክ እየተያዩ ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። ያን ጊዜ ቤንችኛው ሱቄ ውስጥ ይንቆረቆራል። እናትም ልጅም እኩል ያወራሉ፣ እኩል ይስቃሉ፤ ማን ማንን እንደሚሰማ እንጃ። እኔ አንድ ቃል ሳይገባኝ ስልኩን ይዤ አብሬያቸው እስቃለሁ። እማማ ወርቄ አማርኛቸው እምብዛም ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንት ዓመት በአማርኛ መዝሙር መካከል ተቀምጠዋል፤ አፋቸውን የሚከፍቱት ሃሌሉያ ሲባል ብቻ ነው። ብዙነሽን የቆጫት ይህ ነበር።

አንድ ቀን በግሩፑ ላይ፣ በምንሠራው አዲስ መዝሙር ውስጥ እናቷ ሰምተው የሚገባቸው አንድ ቤት ይኑር ብላ ጠየቀች። በቤንችኛ ራሷ ገጥማው ለብቻዋ ልትዘምረው ነው። የኳየራችን መሪ ጋሽ ጴጥሮስ የቤንች ሰው ናቸው፤ ደስ አላቸው። ትርጉሙንም ነገሩኝ፤ እናቴ ሆይ አትጨነቂ፣ የላከኝ ቀድሞኝ ሄዷል፣ መንገዱ ጠራ፣ ነው የሚለው። የመጨረሻዋ ቃል «ጠራ» ናት። ጋሽ ጴጥሮስ በዚያው ሰሞን ወደ ሸኮ ገጠር ሊወጡ ነበር፤ ሲሰናበቱኝ «ሲያልቅ እኔ ሳልሰማው እንዳትለቀው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ብዙነሽ ዘምራ ላከች። ከቪዲዮው በታች አጭር የድምፅ መልእክት ነበረች። «ኤልዬ፣ መጨረሻዋን እንዳትነካብኝ» ትላለች።

አሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ኪቦርዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የብዙነሽ ድምፅ ግን ዝቅ ብሎ ቀረ። ስህተት ነው አልኩ። ካፖርት ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት ነው አልኩ። ኮምፒዩተሬ ላይ ድምፅ ማስተካከያ ነበር፤ ዝቅ ያለውን ድምፅ ጎተት አድርገህ ወደ ቦታው የምታወጣበት ነው። ቃሏን ይዤ ከፍ አደረግኳት። ከኪቦርዱ ጋር ልክ ገጠመች። አማረችም። እንዳትነካብኝ ብላኝ አልነበረም? የቪዲዮውን መጨረሻ፣ የቁም ሳጥኑን በር ገፍታ ስትወጣ የምትስቀውን ሳቅ እንዳትቆርጥብኝ ማለቷ መስሎኝ ነው እያልኩ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አልመሰለኝም። የቷን እንዳለች አውቄያለሁ። አውቄ ነው የነካኋት። ገጣሚዋ አንቺ ብትሆኚም ልኩን የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ነው። ለጋሽ ጴጥሮስ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ እሳቸው ያሉበት ኔትዎርክ አልነበረም። እሁድ ደርሷል፣ ሰው ይጠብቃል። ለቀቅኩት።

የቤንችኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ተወልጄ ባደግኩበት አገር ይህን ያወቅኩት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ቃሉ የሚለየው በድምፁ ከፍታና ዝቅታ ነው። ያው ቃል ዝቅ ሲል አንድ ነገር ነው፣ ከፍ ሲል ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው በቋንቋው የሚዘምር ሰው ቃሉ ሲመጣ ዜማውን ጎንበስ የሚያደርግለት። ያቺን ቃል እዚህ ልጽፍላችሁ አልችልም፤ ብጽፋትም በፊደላችን ሁለቱ አንድ ናቸው። ብዙነሽ ባኖረቻት ቦታ «ጠራ» ናት። እኔ ባወጣኋት ቦታ ግን «ተርብ» ናት።

መንገዱ ተርብ።

ቡና የለቀመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ተርብ ቤቱን ከቡናው ቅጠል ሥር ይሠራል፤ በዚህ በኩል ተርብ አለ ከተባለ ማንም በዚያ አያልፍም፣ ዞሮ ነው የሚሄደው። በእማማ ወርቄ ደጅ ዘመድ ጎረቤቱ አንድ ስልክ ከብቦ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። «ተርቧ» የሚል ስም ወጣላት። ተርቡ ተረብ ሆነ። ተረብ ብቻ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ሳቁ ሲያበቃ ሐሜቱ መጣ፤ ቤይሩት አፏን አስጣለቻት፣ የእናቷን ቋንቋ ረሳች ተባለ። ከሸኮ ሲመለሱ ይህን ሁሉ የነገሩኝ ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው። እማማ ወርቄ አልሳቁም አሉኝ። «መንገዱ ተርብ ከሆነ ልጄ አትመጣም ማለት ነው» ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ አሉኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ያን ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ብዙነሽ እኮ ወሬው ደርሷት ጠይቃኛለች። «ኤልዬ፣ ነክተኸዋል እንዴ?» ብላ ጻፈችልኝ። «አልነካሁም፤ ኔትዎርኩ ይሆናል» ብዬ መለስኩላት። እዚህ አገር ኔትዎርክ ያልተሸከመው ኃጢአት የለም። መልእክቱን አነበበች። መጻፍ ትጀምራለች፣ ትተወዋለች። በመጨረሻ «እንግዲያው እኔው ነኛ» አለች።

እዚህ ላይ እንድታተኩሩልኝ እፈልጋለሁ። የቀረጸችውን አጥፍታዋለች፤ መልሳ ልትሰማው አትችልም። በእጇ የነበረው የገዛ አፏና የእኔ ቃል ነበር። ከገዛ አፏ ይልቅ የእኔን ቃል አመነች። ቃሏን ማበላሸቴ የጆሮ ትዕቢት ነበር በሉት። ይህኛውን ምን ትሉታላችሁ? አንዲት ሴት ከእናቷ የተቀበለችውን ቋንቋ ረስቼዋለሁ ብላ እንድታምን ማድረግን ምን ይሉታል?

ጋሽ ጴጥሮስ እሳቸው ሳይሰሙት መልቀቄን ተቆጡኝ፤ ነካክተኸዋል ብለው ግን አልጠረጠሩኝም። «እስቲ የመጀመሪያውን አምጣና እንስማው» ሲሉኝ ኮምፒዩተሬ ተበላሽቶ ጠፋ አልኳቸው። አልጠፋም። እዚህ ስልኬ ውስጥ ነበር፤ አሁንም አለ። ማጥፋት ወንጀል መሰለኝ፤ መደበቅ ግን አልመሰለኝም። ምን ፈርቼ ነበር? ማንም አይገድለኝም፣ ከኪቦርዱ እንኳ የሚያነሳኝ አልነበረም። የፈራሁት ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ኖሬ አንዲት ቃላቸውን አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ነው። ለዚያ ብዬ እሷን አላዋቂ አደረግኳት።

በሚቀጥለው ገበያ እማማ ወርቄ መጡ። ስልኩን ያዝኩላቸው፤ የብዙነሽ ፊት መጣ። እናትየው በቤንችኛ ጀመሩ። ልጅቱ በአማርኛ መለሰች። እማማ ወርቄ አዩዋት። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። ከዚያ ባለቻቸው አማርኛ ሞከሩ።

«ደህና ነህ፣ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ እማዬ።»

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«እሺ። ጎበዝ።»

አለቀ። አማርኛ አንተና አንቺ የሚለው ነገር ለእማማ ወርቄ አንድ ነው፤ ብዙነሽም አታርማቸውም። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜም እንዲሁ ሆነ። በልተሃል፣ በልቻለሁ፣ እሺ ጎበዝ። እንደ ድሮው ይንቆረቆራል ብዬ በየገበያው እጠብቅ ነበር። ያደረቀው ማን ሆነና? በመካከላቸው ስልኩን ይዞ የሚቆመው እጅ የእኔ ነው። ዋጋ አልቀበላቸውም ነበር፤ በዚያ የማካክስ መስሎኝ። እማማ ወርቄ ደግሞ ባዶ እጃቸውን መምጣት አይወዱም፣ ጎደሬ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ሲወጡ መዳፋቸውን አናቴ ላይ አኑረው በቋንቋቸው ይመርቁኛል። የሚሉት አይገባኝም። ግን ራሴን ዝቅ አድርጌ አሜን እላለሁ። ሌባ እንኳ በሰረቀበት ቤት ቆሞ አይመረቅም።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፈተ፤ «የተበተኑት» ግን ቀጠለ፤ የሄዱት ሰዎች ሊተዉት አልቻሉም። ብዙነሽ ከግሩፑ አልወጣችም። የሌላውን መዝሙር ታደንቃለች፣ ልደት ለሚያከብር መልካም ልደት ትላለች። ድምፅ ግን አልላከችም። ሲጠይቋት ሥራ በዛብኝ ትላለች፤ መዳሟ ካፖርቶቹን አወጣቻቸው ብላ ቀለደች አንድ ጊዜ። ሁሉም ሳቀ። እኔም የሳቅ ምልክት ላክሁ።

እማማ ወርቄ ባለፈው ዓመት፣ የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲል ሞቱ። ብዙነሽን አሠሪዎቿ ለልቅሶው እንድትመጣ አልፈቀዱላትም። የብዙነሽ ወንድም፣ እህቱ በስልክ ታልቅስ ብሎ እኔን አስጠራኝ። ሄድኩ። ስልኬን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቼ ድንኳኑ መካከል ቆምኩ። ልጅ እናቷን በእናቷ ቋንቋ እያነሳች ስታለቅስ ሊሰማ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ዝናብ እንኳ አልነበረም። ከማጉያው ትንፋሿ ይሰማል። የማያስተጋባ፣ ጥርት ያለ ትንፋሽ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደገባች ገባኝ። አንድ ድምፅ ጀመረች፤ ዋጠችው። እንደገና ጀመረች፤ ዋጠችው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣

«ኤልዬ፣ አልችልም። ይስቁብኛል» አለችኝ።

ለእኔ ብቻ የነገረችኝ መስሏት ነው። ድንኳኑ ሙሉ ሰማት።

ስልኩን ዘጋችው። ሴቶቹ ተያዩና አንዷ ልቅሶውን አነሳችላት። ጋሽ ጴጥሮስ መሬት መሬት ያያሉ። እኔስ? የመጀመሪያው ቅጂ እኮ እጄ ላይ ነው፤ እዚያው ስልክ ውስጥ፣ ማጉያው እንደተሰካ ነው። መጫን ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በተሳቀባት ደጅ ላይ ድምፅዋ ይሰማ ነበር፤ መንገዱ ጠራ ስትል ሁሉም ይሰማት ነበር፣ በእናቷ አስከሬን ፊት። አልተጫንኩም። ገመዴን ጠቅልዬ ወደ አማን ተመለስኩ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንጨቱን እንደሰደዱ ትቶ መሄድ ምን ይባል ይሆን?

በቅርቡ ጋሽ ጴጥሮስ ያን መዝሙር እንደገና እንሥራው ብለው በግሩፑ ላይ ጻፉ፤ የቤንችኛውን ቤት ማን ይዘምረው አሉ። ብዙ ሳይቆይ ብዙነሽ መለሰች። «ቋንቋውን ለሚያውቅ ስጡት» ትላለች። በቅሬታ አይደለም። ሥራ እንደምታከፋፍል ሰው ነው የጻፈችው። አምናዋለች ማለት ነው። ያንን ሳነብ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር፤ ፎቶውን ሳላነሳው ና ነገ አልኩት።

ከዚያ ላክሁላት። የመጀመሪያውን፣ ያልተነካውን። ከሥሩ «የነካሁት እኔ ነኝ። አንቺ ልክ ነበርሽ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ይህን ሁሉ ከወሰድኩባት በኋላ ይቅርታም አምጪ ማለት ሌላ መውሰድ ሆነብኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል፤ ነው። የሚሰሙት እናት የሉም። ከእናንተም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ሸዋ ቤንች ላይ ተርቧ ያላችኋት ሰዎች፣ ይህን የሚያነብላችሁ ካገኛችሁ፣ ስሙን ከእሷ ላይ አንሱላት። ለእኔ ስጡኝ፤ የእኔ ነው።

መልሷ በማግስቱ መጣ። ድምፅ ነው፣ ረጅም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቤንችኛ ነው፤ አንድ የአማርኛ ቃል የለበትም፣ ስሜ እንኳ የለበትም። ድሮ ሱቄ ውስጥ እንደማውቀው ይንቆረቆራል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ መካከል ላይ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ለእኔ ይሁን ለእናቷ አላውቅም። ምርቃት ይሁን እርግማን አላውቅም። ጋሽ ጴጥሮስ ዘንድ ወስጄ ማስተርጎም እችል ነበር፤ አልወሰድኩም። እንዲገባኝ ብትፈልግ አማርኛ አይቸግራትም።

መጨረሻው ላይ ያቺ ቃል አለች። ደጋግሜ አዳመጥኳት። ጠራ ትበል ተርብ ትበል፣ ይህ ስኮራበት የኖርኩት ጆሮዬ ሊለየው አልቻለም። እንዳለች ናት፤ አልነካኋትም።